«ገብቷችኋል?» የመምህርነት ልምምድ ከመንዝ እስከ ለንደን

አንድ መምህር በቀን ውስጥ ደጋግሞ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያውን ቦታ የሚይዘው «ገብቷችኋል?» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። መልሱንም ሁላችንም እናውቀዋለን። መንዝ ውስጥ ቢሆን ሰባ ተማሪዎች በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ። ለንደን ውስጥ ደግሞ ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔ ጥያቄውን በሁለቱም ቦታ ጠይቄያለሁ። በሁለቱም ቦታ ያገኘሁት መልስ ስለ ተማሪዎቼ ምንም እንደማይነግረኝ ለመረዳት ግን አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ትምህርት ጥራት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ሕንፃና ስለ ፈተና ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን እምብዛም ስለማይወራለት አንድ ጉዳይ ነው። እርሱም ዕጩ መምህር ክፍል ገብቶ ማስተማርን የሚለማመድበት ወቅት ነው። ለመሆኑ ልምምድ ማለት ምን ማለት ነው? ሰው ዝም ብሎ ተማሪ ፊት ስለቆመ ብቻ መምህርነትን ይለምዳልን?

ፕላዝማውና እኔ

ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነው። የሒሳብ መምህር ለመሆን እማር በነበረበት በመጨረሻው ዓመት ለተግባር ልምምድ መንዝ ውስጥ ወደምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ ተላክሁ። መንዝ የትውልድ አገሬ ስለሆነ ጓደኞቼ እንደ ዕድለኛ ቆጠሩኝ። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ የሚታጠፈውን፣ ሞላሌን አልፎ መሐል ሜዳ የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ብርዱንም ያውቀዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ማለዳ ማለዳ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት በሚታይበት አገር፣ ተማሪዎች ጋቢና ባና ተከናንበው ነበር ክፍል የሚገቡት።

ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ነበሩ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስንቅ ሊያመጡ በእግራቸው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እሑድ ማታ በሶና ቂጣቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለ ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚያሳልፋት እያንዳንዷ ደቂቃ በወላጆቹ ጉልበት የተገዛች ናት።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ዋነኛ ወሬ «ፕላዝማ» ነበር። በ1997 የትምህርት ዘመን የተጀመረው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። ከአርባው ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉን የሚወስደው ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ነው። ለክፍሉ መምህር በመግቢያና በማጠቃለያ አምስት አምስት ደቂቃ ትቀረዋለች። እንግዲህ ማስተማር ልማር የሄድኩት ሰው በቀን ውስጥ የምለማመደው በእነዚህ አሥር ደቂቃዎች ነበር። ባዕድ አገር አልሄድኩም። ባዕድ አገር ግን እኔ ያለሁበት ክፍል ድረስ መጥቶ ነበር።

አንድ ቀን ትምህርቱ በተጀመረ በሰባተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ያዘጋጀሁት ነገር ስላልነበረ ጠመኔ አንስቼ ሁለት የ«ኢኩዌሽን» ምሳሌዎች ሰሌዳው ላይ ሠራሁ። ዞር ብዬም «ገብቷችኋል?» አልኩ። «አዎ!» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሦስተኛውን ቀጠልኩ።

በሁለተኛው ረድፍ መስኮት ዳር የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ነበረች። ስሟን አልጠቅስም። ደብተሯ ንጹሕ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አንድም ሳታስቀር ትገለብጣለች። «ገብቶሻል?» ስላት አንገቷን ደፍታ «ገብቶኛል ቲቸር» ትለኛለች። በእኛ አገር አንገት መድፋት አክብሮት ነው። እኔ ግን የአክብሮቱን ምልክት የመረዳት ምልክት አድርጌ ወሰድኩት። ልምምዴ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፈተና ሰጥቼ ሳርም ከሃያው ሦስት አገኘች። ወረቀቷን ሳገላብጠው «ኤክስ» ለማናውቀው ቁጥር የቆመ መሆኑን ጨርሶ እንዳልተረዳች ገባኝ። ለእርሷ ኤክስ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር ፊደል ብቻ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ምንም አላደረግሁም። በማግሥቱ ዓመት የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሳይሆንላት ቀርታ ወደ ገጠር እንደተመለሰች ሰማሁ።

የእኔስ ውጤት? ከተማርኩበት ተቋም የመጣው ተቆጣጣሪ በጠቅላላው አንድ ጊዜ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሄደ። ያየውን አልነገረኝም። ውጤቴን ያየሁት ሰሚስተሩ ሲያልቅ ነው፤ «ቢ» ይላል። ለምን «ኤ» እንዳልሆነ፣ ለምንስ «ሲ» እንዳልሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ መጥፎ አልነበረም። በ1995 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ላይ የዋለውና በምህፃሩ «ቴሶ» የሚባለው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ፣ «ፕራክቲከም» የተሰኘውን ልምምድ የሥልጠናው እምብርት አድርጎት ነበር። ዕጩው መጀመሪያ ይታዘባል፣ ቀጥሎ መምህሩን ያግዛል፣ በመጨረሻም ራሱን ችሎ ያስተምራል። የሠራውን ሁሉ በፖርትፎሊዮ ያጠራቅማል። እኔም ወፍራም ፖርትፎሊዮ አስረክቤያለሁ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሳስተምር ያየና ያየውን ቁጭ ብሎ ያወያየኝ ሰው አልነበረም።

ባዕድ መምህር

ከዓመታት በኋላ ኑሮዬ ወደ እንግሊዝ ሆነ። በ2010 ዓ.ም. ደቡብ ለንደን ውስጥ እንደገና ዕጩ መምህር ሆኜ ክፍል ገባሁ። አገራችን በዚህ ረገድ የምታውቀው ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ት/ቤት ሥራውን የጀመረው ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ተበተኑ። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አስተምረው የማያውቁ ወጣቶች ነበሩ። የሕንድ መምህራንን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ተማሪም የለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይላኩ ነበር። አብዛኞቹም ያገለገሉት በማስተማር ነው። እነዚህ ሁሉ መምህርነትን የተለማመዱት በእኛ ልጆች ላይ ነው። አሁን ተራው የእኔ ሆኖ በሰው አገር ልጆች ላይ ልለማመድ ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ስገባ የሚነሳልኝ ተማሪ የለም። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጁን አውጥቶ «ሰር፣ ይህ ነገር ለምን ይጠቅመናል?» አለኝ። ፊቴ ሲቀላ ለራሴም ታወቀኝ። የንቀት ንግግር መስሎኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ የጎረቤት ክፍል መምህር ያጠፋን ልጅ «ስናገርህ ዓይኔን እየኝ» እያለ ሲቆጣ ሰማሁ። መንዝ ውስጥ ልጅ ሲገሠጽ መሬት መሬት ካላየ ባለጌ ይባላል። እዚህ ደግሞ መሬት ካየ ነው ጥፋቱ የሚብሰው። ያኔ ያቺ የመስኮት ዳሯ ተማሪ ትዝ አለችኝ። የልጅ ፊትን ማንበብ በየአገሩ የሚለያይ ትምህርት መሆኑን ያወቅሁት በዚያን ቀን ነው።

ሁለት ዓምድ ያለው ወረቀት

በእንግሊዝ ባለዲግሪ ሰው መምህር የሚሆንበት ዋነኛው መንገድ የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ሥልጠና ነው። እኔ በሠለጠንኩበት ጊዜ ከ36ቱ ሳምንታት 24ቱ ያልፉ የነበሩት በት/ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ዕጩው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ት/ቤቶች መለማመድ አለበት። በየት/ቤቱ የራሱን ትምህርት ዓይነት የምታስተምር ወይም የሚያስተምር ነባር መምህር «ሜንተር» ሆኖ ይመደብለታል።

የእኔ ሜንተር ሃያ ዓመት ያህል ያስተማረች ሴት ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሌ ገብታ ከኋላ ስትቀመጥ የማስተምረው እንደ አጋጣሚ ያንኑ ኢኩዌሽን ነበር። ጥሩ ያስተማርኩ መስሎኝ ወጣሁ። ከትምህርት በኋላ አንድ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠች። ወረቀቱ ሁለት ዓምድ አለው። በግራ በኩል መምህሩ በየደቂቃው ምን እንዳደረገ፣ በቀኝ በኩል ተማሪዎቹ በዚያው ደቂቃ ምን ያደርጉ እንደነበር ተጽፎበታል። በግራ በኩል «ያብራራል፣ ይጽፋል፣ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል» ይላል። በቀኝ በኩል ከላይ እስከ ታች ተደጋግሞ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ይሰማሉ»።

ውጤት አልሰጠችኝም። አላመሰገነችኝም፣ አልነቀፈችኝምም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «በሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ዛሬ ምን ተማረች?» አለችኝ። ዝም አልኩ። አላውቅም ነበር። የማውቅበት መንገድም አልነበረኝም። «ገብቷችኋል?» ብዬ መጠየቄን ነገርኳት። «ታዲያ ምን አሉህ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት እንገናኝ ነበር። ሰዓቱ በት/ቤቱ የክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ የተያዘ ስለሆነ ማንም አይነካውም። በየሳምንቱ የምንይዘው ጉዳይ አንድ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጉዳይ «ከጠየቅህ በኋላ ጠብቅ» የሚል ነበር። ነገሩ በጥናት የተደገፈ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ «አላውቅም» የሚለው ይቀንሳል፣ ዝምተኞቹም መናገር ይጀምራሉ። ሦስት ሰከንድ ምን አላት? ትሉ ይሆናል። ክፍል ፊት ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ዓመት ናት።

የሁለተኛው ሳምንት ጉዳይ ሁሉም ተማሪ በአንድ ጊዜ እንዲመልስ ማድረግ ነበር። እዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ደብተር የምታህል ነጭ ሰሌዳ አለችው። ጥያቄውን ሠርቶ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ያነሳል። መምህሩ በአምስት ሰከንድ ውስጥ የሠላሳውንም መልስ ያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክረው ከሠላሳው አሥራ ዘጠኙ ተሳስተው ነበር። ዕለቱን ሙሉ ቅር ብሎኝ ዋልኩ። ሜንተሬ ግን «ትናንትም አሥራ ዘጠኝ ነበሩ፤ ዛሬ አወቅህ» አለችኝ።

ይህን ስል እንግሊዝን ገነት ላስመስል አይደለም። ተማሪው ይሳደባል፤ የወረቀት ሥራው ያንገሸግሻል። ከአዲስ መምህራን ውስጥ ሲሶ ያህሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ሥራውን ጥለው እንደሚወጡ የራሳቸው አኃዝ ያሳያል። ለአዲስ መምህር ያላቸው አሠራር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የተመረቀ አዲስ መምህር ለሁለት ዓመት ሜንተር ይመደብለታል። የማስተማር ጫናው በመጀመሪያው ዓመት 10 በመቶ፣ በሁለተኛው 5 በመቶ ይቀነስለታል። የተቀነሰው ሰዓት እንዲታይ፣ እንዲያይና እንዲነጋገርበት ነው።

የኔታም ያውቁት ነበር

«ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። በኋላ ግን በልጅነቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ፊደል የቆጠርኩበት ጊዜ ትዝ አለኝ። የኔታ ሁላችንንም አንድ በአንድ አያስተምሩም። ፊደል የለየው ላልለየው ያስቆጥራል፤ ዳዊት የደገመው ንባብ ለጀመረው ያስጠናል። የኔታ ግን ጆሯቸው ከሁሉም ዘንድ ነው። ትንሹ ሲስት የሚያርሙት አስቆጣሪውን ነው። በቅኔ ቤትም ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር የጀማሪዎቹ አስነጋሪ ሆኖ በመምህሩ ሥር ዓመታት ይቆያል። ወንበር ዘርግቶ ለብቻው የሚያስተምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ልምምድ ካልሆነ ምን ልምምድ አለ? ለንደን ውስጥ በወረቀት ያየሁትን ነገር የኔታ በጆሯቸው ይሠሩት ነበር።

ስለዚህ ችግራችን የገንዘብ ብቻ አይደለም። ከመነሻው የነበረንን ነገር ዘመናዊውን ት/ቤት ስናቆም ከደጅ ትተነው ገብተናል ማለት ይቻላል።

ግምገማ የሚሉት ጥላ

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ለፋሲካ አገሬ ስገባ ይህንኑ ነገር መንዝ ውስጥ ልሞክረው አሰብኩ። ከማውቃቸው ሦስት የሒሳብ መምህራን ጋር ተነጋግሬ፣ ርዕሰ መምህሩንም አስፈቅጄ ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። አንደኛው መምህር እኔን ገና ሲያይ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ከክፍል እንደወጣን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ወረቀት ለማን ነው የሚገባው?» የሚል ነበር።

እውነቱን ነው። በእኛ አገር ከክፍል ኋላ የሚቀመጥ ሰው የሚመጣው ሊመዝን ነው። «ግምገማ» የሚለው ቃል ለመምህራን ያለው ትርጉም ብዙ ነው። ዕድገትም፣ ዝውውርም፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ ነገር ተያይዞ ይመጣል። በዚህ የተነሳ መምህሩ የሚታየው ለመሻሻል ሳይሆን ለመትረፍ ይሆናል። ለታዛቢ የምትዘጋጅ አንዲት ክፍለ ጊዜ አለች፤ ታዛቢው ሲወጣ እርሷም አብራ ትወጣለች።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳልሆነ መናገር ተገቢ ነው። የእንግሊዝ የት/ቤቶች ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኦፍስቴድም ለብዙ ዓመታት እያንዳንዷን ክፍለ ጊዜ አይቶ ውጤት ይሰጥ ነበር። ለሃያና ሠላሳ ደቂቃ በታየ ትምህርት መምህርን መመዘን እንደማያስተማምን ብዙ ክርክር ከተደረገበት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአንድ ክፍለ ጊዜ ውጤት መስጠቱን አቆመ።

ለመምህሩ ወረቀቱን እጁ ላይ ሰጠሁት። «ያንተ ነው፤ ብትፈልግ ቅደደው» አልኩት። አንብቦ ሲጨርስ ሳቀ። በቀኝ በኩል «ይገለብጣሉ» የሚለው ቃል ስምንት ጊዜ ነበር። «እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ወሬያችን ስለ እርሱ መሆኑ ቀርቶ ስለ ተማሪዎቹ ሆነ። በማግሥቱ ነጭ ሰሌዳ የሚባል ነገር ስለሌለ ጣት ተጠቀምን። አራት አማራጭ መልስ ይጻፋል። «ኤ» ያለ አንድ፣ «ቢ» ያለ ሁለት፣ «ሲ» ያለ ሦስት፣ «ዲ» ያለ አራት ጣቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ያሳያል። ጎረቤቱ አያየውም፤ መምህሩ ግን የሰባውንም ያያል። ጥያቄውም ከአገሬው ኑሮ የተቀዳ ነበር። ሁለት እኩል ከረጢት ገብስ ላይ ሦስት ቁና ቢጨመር አሥራ አንድ ቁና ሆነ። አንዱ ከረጢት ስንት ቁና ይይዛል? ከረጢቱ ኤክስ ነው። አፉ የታሰረ ከረጢት ውስጥ ቁጥር እንዳለ የማያውቅ የመንዝ ልጅ የለም።

ምን ይደረግ?

እኔ ፖሊሲ አውጪ አይደለሁም። ከሁለት ክፍል ውስጥ ያየሁትን ግን ልናገር። አንደኛ፣ ለዕጩም ሆነ ለአዲስ መምህር በሳምንት አንድ ሰዓት በድልድሉ ውስጥ ይያዝ፤ ሜንተር ከሚሆነው ነባር መምህር ላይም ያንን ያህል ጫና ይቀነስ። በትርፍ ሰዓትህ አግዘው ማለት አታግዘው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የሚያግዘውና ውጤት የሚሰጠው ሰው ይለያዩ። ሦስተኛ፣ ከክፍል የሚወጣው ወረቀት የመምህሩ ንብረት ይሁን። አራተኛ፣ በየሳምንቱ የሚሻሻለው ነገር አንድ ብቻ ይሁን። ይህ ሁሉ ሕንፃ አይጠይቅም፤ መብራትም ኢንተርኔትም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰዓትና መተማመን ነው። ሁለቱም ርካሽ ናቸው አልልም።

ጊዜው ደግሞ አስጨናቂ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አይዘነጋም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ከርመዋል። ከግሼ ራቤል እስከ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ድረስ ወደ ክፍል የሚመለሰው ልጅ ዓመታት ያመለጡት ልጅ ነው። የሚጠብቀውም ብዙ ጊዜ አዲስ መምህር ነው። ያ መምህር «ገብቷችኋል?» ብሎ ሲጠይቅ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው «አዎ!» ይሉታል።

ከኋላ የተቀመጠ ሰው ያስፈልገዋል። ሊመዝነው ሳይሆን ከትምህርት በኋላ «መስኮት ዳር የተቀመጠችው ልጅ ዛሬ ምን ተማረች?» ብሎ ሊጠይቀው። እኔን ያንን የጠየቀኝ ሰው በ1998 ዓ.ም. ቢኖር ኖሮ አንዲት ልጅ ኤክስ ማለት አፉ የታሰረ ከረጢት መሆኑን አውቃ የ10ኛ ክፍልን ፈተና ታልፍ ነበር።

ቸር ይግጠመን።